የውሻ ጫማና የእኛ ሳቅ

የውሻ ጫማ የሚባል ነገር አለ። የሚሸጠው እንደ እኛ በጥንድ ሳይሆን አራት አራት እየሆነ ነው። ከሥሩ ጎማ፣ ከላዩ ጨርቅ፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ደግሞ ጥብቅ የሚያደርግ ማሰሪያ አለው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያጠለቁለት ውሻ አረማመዱ ለጉድ ነው። አንዱን እግር አንስቶ ያራግፋል፣ ሌላውን ያንጠለጥላል፣ ጭቃ ላይ የተለቀቀች ዶሮ ይመስላል። ይህን አይቶ የማይስቅ ሐበሻ ማግኘት ከባድ ነው። ሳቁስ ባልከፋ፣ ያስቃልና። የከፋችው ከሳቁ ቀጥላ የምትመጣዋ ዓረፍተ ነገር ናት፤ «የሰው ልጅ ባዶ እግሩን በሚሄድበት ዓለም ለውሻ ጫማ? ይሄማ ጥጋብ ነው!»

ይቺ ዓረፍተ ነገር አገር አትመርጥም። ላስ ቬጋስ የአበሻ ታክሲ ሹፌሮች ተሰብስበው ተራ ሲጠብቁ ትባላለች። ዱባይ በዕረፍት ቀናቸው የተገናኙ እህቶቻችን መካከል ትባላለች። ቦሌ ላይ ማኪያቶ እየተማሰለ ትባላለች። በተባለች ቁጥር ሁሉም «እውነት ነው» ይላል። ሁሉም እውነት ነው የሚላት ነገር ደግሞ አንዴ ቆም ብለው ሊያገላብጧት ይገባል። ብዙ ጊዜ የወደድናት እውነት ስለሆነች ሳይሆን ከማሰብ ስላሳረፈችን ነውና።

እስቲ እናገላብጣት።

መጀመሪያ ነገር፣ ለእንስሳ ጫማ ማድረግ ፈረንጅ ያመጣው ጥጋብ አይደለም። የጋሪ ፈረስ ሰኮናው ላይ ብረት ሲመታለት ቆሞ የሳቀ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? «የሰው ልጅ ባዶ እግሩን እየሄደ ለበቅሎ ብረት!» ብሎ የተቆጣስ አለ? የለም። ለምን? ፈረሱ እኛን ስለሚጎትት ነዋ! ፈረሱ ካነከሰ የባለጋሪው የዕለት ገቢ አብሮ ያነክሳል። እንግዲህ ጥጋብ ያልነው ጫማውን አይደለም ማለት ነው። ጥጋብ ያልነው ለማይጎትተን፣ ለማይጫንልን ፍጡር እግር መጨነቅን ነው። አላስካ ውስጥ በየዓመቱ ኢዲታሮድ የሚባል የውሻ ሸርተቴ ውድድር ይካሄዳል፤ የውድድሩ ደንብ ተወዳዳሪው ለእያንዳንዱ ውሻ ስምንት ጫማ እንዲይዝ ያስገድዳል። ስምንት! አራቱ ለእግሩ፣ አራቱ መለወጫ። እዚያ ጠላቱ በረዶ ነው። ውሻው ሸርተቴ ጎታች ስለሆነ በጫማው ማንም አልሳቀም።

በእርግጥ ለሳቃችን አንድ ማመካኛ አለን፣ እሱን አልነፍገንም። ፈረንጅ ሰመር የሚለው ወቅት ለእኛ ክረምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሲባል በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው ጃንጥላ፣ ቦቲ ጫማ፣ ጭቃና የተጠበሰ በቆሎ ነው። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ የተቀመጠች ከተማ ውስጥ ላደገ ሰው «መንገዱ እግር ያቃጥላል» ማለት ተረት ይመስለዋል። የእኛ የጫማ ታሪክ ከጭቃና ከእሾህ ጋር እንጂ ከግለት ጋር አይደለም (ድሬዳዋ፣ ሰመራና ጋምቤላ ያላችሁ ይቅርታ፣ እናንተ ታውቁታላችሁ)። ስለዚህ ፒያሳ ተቀምጦ የሚስቀውን እንለፈው። ፊኒክስ፣ ላስ ቬጋስ፣ ዱባይ፣ ኩዌት ተቀምጦ፣ የመኪናውን በር እጀታ በጨርቅ ይዞ እየከፈተ በውሻ ጫማ የሚስቀውን ግን ምን እንበለው?

ወደ አስፋልቱ እንሂድ። አዲስ የተነጠፈ አስፋልት ጥቁር ስለሆነ ከሚያርፍበት የፀሐይ ብርሃን ከመቶ ዘጠና እጁን ይውጠዋል። የዋጠውን ደግሞ ቶሎ አይተፋም። እ.ኤ.አ. በ1970 በአንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ የታተመ፣ እስከ ዛሬም የሚጠቀስ ልኬት አለ። የአየሩ ሙቀት 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ፣ ማለትም እኛ «ደስ የሚል ቀን» በምንለው ቀን፣ ፀሐይ የሚመታው አስፋልት 52 ዲግሪ ነበር። አየሩ 31 ሲደርስ አስፋልቱ 62 ገባ። የሰው ቆዳ 60 ዲግሪ የጋለ ነገር ላይ አርፎ ክፉኛ ለመቃጠል አምስት ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። የአየር ትንበያው የሚነግረን በጥላ ውስጥ የተለካውን የአየሩን ሙቀት ነው። ውሻ ደግሞ አየር ላይ አይራመድም።

ፊኒክስ፣ አሪዞና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2023 ለ31 ተከታታይ ቀናት ሙቀቱ 43 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሆኖ ዋለ። 25 ዲግሪ 52 ካወጣ 43 ምን እንደሚያወጣ እናንተው አስሉት። የከተማዋ አስተዳደር እኮ ነገሩ ስለከበደው ከ2020 ጀምሮ የሰፈር ውስጥ መንገዶችን ብርሃን በሚመልስ ግራጫ ቅብ መቀባት ጀምሯል። የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሲለኩት በቀትር የተቀባው ካልተቀባው በስድስት ዲግሪ ገደማ ቀዝቅዞ አገኙት። ስድስት ዲግሪ ማለት ቀላል አይደለም፤ ግን ከምድጃው ላይ አንድ እንጨት ማውጣት ነው እንጂ እሳቱን ማጥፋት አይደለም።

«ውሻ እንደሆነ ውስጥ እግሩ ጠንካራ ነው» የሚል መከራከሪያም አለ። እውነት አለበት። የውሻ ውስጥ እግር ከሥሩ ስብ ያለው፣ ከላዩ ደንደን ያለ ቆዳ ነው። በረዶ ላይ ሲቆም እግሩ እንዳይደርቅበት ወደ እግሩ የሚወርደው የሞቀ ደም ተመልሶ የሚወጣውን የቀዘቀዘ ደም የሚያሞቅበት የደም ሥር አደረጃጀት እንዳለውም ተጠንቷል። ድንቅ ነገር ነው። ግን ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ ጥበብ ለብርድ የተሠራ ነው። ለግለት ምንም አይፈይድም። እንዲያውም ውሻ እንደ እኛ በመላ ገላው አያልበውም። የምታልበው ቦታ ብትኖረው ያቺው ውስጥ እግሩ ናት። ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው። ቁመቱ ደግሞ አጭር ነው። እኛ ከአስፋልቱ ሜትር ከምናምን ከፍ ብለን የምንተነፍሰውን አየር እሱ ከመሬት ስንዝር ከፍ ብሎ ይተነፍሰዋል። ከላይ ፀሐይ፣ ከታች ምጣድ።

ሲቃጠልም አይነግርህም። ሰው ቢሆን «ኧረ በእናትህ!» ይላል። ውሻ የሚወደው ሰው እየመራው ስለሆነ ይከተላል። ምልክቱን ማወቅ የአንተ ፈንታ ነው። መንገድ ላይ ድንገት መቆም፣ ወደ ሣሩ መሳብ፣ ማነከስ፣ ቤት ሲገባ ውስጥ እግሩን እየደጋገመ መላስ። ቀጥሎ መቅላት ወይም መጥቆር፣ ውሃ መቋጠር፣ ሲብስ ቆዳው ተልጦ መነሳት። በተላጠ እግር ላይ ቆሞ መብላት፣ ቆሞ መሽናት አለበት። እግሩን የሚያሳርፍበት አልጋ የለውም። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባል የለ? እዚህ ላይ ባለቤቱ የሚጮኸው እንግዲህ ለራሱ ሳይሆን ለሌላ እግር ነው።

አሁን ደግሞ ጠንካራ የሚመስለው መከራከሪያ ይምጣ። «የእኛ አገር የመንገድ ውሻ ጫማ አለው እንዴ? ሲኖር አይደል ወይ የኖረው?» ብዙ ሰው በዚህ ጨዋታው ያለቀ ይመስለዋል።

አላለቀም። እስቲ የመንገድ ውሻ በቀትር የት እንዳለ ፈልጉት። ፀሐይ በበረታ ጊዜ አስፋልት መሐል ሲንጎራደድ አይታችኋል? ከቆመ መኪና ሥር ነው ያለው። ከቱቦ አጠገብ፣ ከአጥር ጥግ፣ ቀዝቀዝ ያለ አፈር ጭሮ ተኝቷል። ሥራውን የሚሠራው ሌሊትና ማለዳ ነው፤ እንቅልፍ የምትነሱበት በከንቱ አይደለም። ማንም ሳያስተምረው ሰዓቱን ራሱ ይመርጣል። ቆላ ያለ እረኛም ይህንኑ ያውቃል፣ በቀትር ከብቱን ከዛፍ ጥላ ያስጠጋል እንጂ አይነዳም። የታሰረ ውሻ ግን ይህ ምርጫ ተወስዶበታል። የሚወጣበትን ሰዓት የሚወስነው ባለቤቱ ነው። በየትኛው ወገን እንደሚሄድ፣ መቼ እንደሚመለስ የሚወስነው ሰንሰለቱን የያዘው እጅ ነው። ሰንሰለቱ የገባ ቀን ኃላፊነቱም አብሮ ገብቷል። የመንገድ ውሻንና የታሰረን ውሻ ማነጻጸር በፈቃዱ የሚጾምን ሰውና ተቆልፎበት የተራበን ሰው «ሁለቱም አልበሉም» ብሎ እንደማነጻጸር ነው።

በዚህ ላይ አንዱ የተማረ ሰው የሚጨምራት አለች። «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮሟል፣ ምን ታካብዳላችሁ!» ይላል። ጎበዝ፣ አበበን ከጠሩ አይቀር በደንብ ነው መጥራት። እ.ኤ.አ. በ1960 የሮም ኦሎምፒክ ማራቶን የተጀመረው ስንት ሰዓት ላይ ነበር? በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11፡30። ለምን? አዘጋጆቹ የሮምን የመስከረም ፀሐይ ሽሽት ነዋ! ሩጫው ያለቀው መሽቶ፣ ወታደሮች መንገዱ ዳር ችቦ ይዘው እያበሩ ነው። አበበ 2፡15፡16 ገብቶ ክብረ ወሰን የሰበረበት ጎዳና ፀሐይ የለቀቀችው ጎዳና ነበር። ባዶ እግሩን የሮጠውም ጫማ ንቆ ሳይሆን ያገኘው ጫማ ስላልተመቸው ነው። እንግዲህ የአበበ ታሪክ የሚመሰክረው ለማን ነው? «ሰዓቱን ምረጡ፣ የማይስማማ ጫማ ከባዶ እግር ይከፋል» ለምንለው ነው።

ይህን ካልኩ ዘንድ ጫማ ሻጩም ከዱላዬ አያመልጥም።

ምክንያቱም በሌላው ጫፍ ያለው ስህተትም ስህተት ነው። ገበያው ጫማ ይሸጣል፣ ውስጥ እግር ላይ የሚቀባ ሰም ይሸጣል፣ ቅባት ይሸጣል፣ ካልሲ ይሸጣል። ገዢው ይህን ሁሉ ለውሻው አልብሶ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ይዞት ይወጣል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። ጫማው እግሩን ከቃጠሎ ያድናል እንበል፤ የሚያለከልከውን ሳንባ ማን ያድነዋል? ሙቀቱ ከሰውነቱ መውጣት ካልቻለ ጫማ ያደረገውም ያላደረገውም ውሻ እኩል ተዝለፍልፎ ይወድቃል። አፍንጫቸው ደፍጠጥ ያሉት፣ ቡልዶግና ፐግ የሚባሉት ዓይነቶች፣ ማለክለኩም በወጉ ስለማይሆንላቸው ይብስባቸዋል። ጫማው ራሱም ከጠበበ ይልጣል፣ ከሰፋ ይጥላል፣ ረጅም ሰዓት ከቆየ ያቺን የምታልብ ውስጥ እግር ያፍናታል። የማይቀር መንገድ ላለው ውሻ፣ ለፖሊስ ውሻ፣ ዓይነ ስውር ለሚመራ ውሻ፣ ከፎቅ ወርዶ ሣር እስኪያገኝ አስፋልት መሻገር ግድ ለሆነበት ውሻ ጫማ ዋጋ አለው። የዙሪክ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ2018 በጋ ውሾቹን ጫማ አልብሶ፣ ሕዝቡም እንዲያደርግ የመከረው በዚህ ምክንያት ነው። ለሌላው ግን ጫማ የሰዓት ምትክ አይሆንም። ባለቤቱ ከእንቅልፉ አንድ ሰዓት ላለመቁረጥ የገዛው ማስተዛዘኛ ነው።

ፊኒክስ ከተማ ሕጓን ስትጽፍ ይህ ገብቷታል። የአየሩ ሙቀት 100 ዲግሪ ፋራናይት፣ በእኛ ወደ 38 ሲደርስ ውሻ ይዞ በከተማዋ የተራራ የእግር መንገዶች ላይ መውጣት ክልክል ነው። «ጫማ ያለው ይግባ» አላለችም።

ወጪ የሌለው መለኪያም አለ። የእጅህን ጀርባ አስፋልቱ ላይ አሳርፍና ሰባት ሰከንድ ቁጠር። መዳፍህን ሳይሆን ጀርባውን፣ መዳፍህማ የሥራ ልማድ ያለበት ነው። ሰባት ድረስ ካልቻልክ ውሻውም አይችልም። ይህን ሲመሽም አድርገው። ፀሐይ ገባች ማለት አስፋልቱ በረደ ማለት አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ የዋጠውን ነው በምሽት የሚተፋው። ከሁሉ የሚሻለው ንጋት ነው። በሐምሌ ፊኒክስ ላይ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 11፡30 አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት መነሳት ይከብዳል? አዎ ይከብዳል። ኪዳን ለማድረስ ሌሊት የሚነሱ እናቶች ልጅ ሆኖ ይህን ማለት ግን ትንሽ ያሳፍራል።

አሁን ዋናዋን እንያት። «ሰውስ?»

ሰውማ ይቃጠላል! በዚያው በ2023፣ በሐምሌ፣ ፊኒክስ የሚገኘው የአሪዞና የቃጠሎ ሕክምና ማዕከል 45 አልጋዎቹ በሙሉ ተይዘው ነበር፤ ከሕመምተኞቹ ሲሶ ያህሉ መሬት ላይ ወድቀው አስፋልት ያቃጠላቸው ናቸው። ስኳሯ ወርዶባት የወደቀች አሮጊት፣ መነሳት አቅቶት የቆየ ሽማግሌ፣ ያንቀላፋ ሰካራም። ፊኒክስ የምትገኝበት ማሪኮፓ ካውንቲ በዚያ ዓመት በሙቀት ምክንያት የሞቱ 645 ሰዎችን ቆጥሯል። ወደ ግማሽ የሚጠጉት ቤት የሌላቸው ነበሩ። እንግዲህ «ሰውስ?» የሚለው ወንድሜ ይህን ያውቅ ነበር? በዚያች ሐምሌ አንድ ኮዳ ቀዝቃዛ ውሃ ይዞ የመንገድ ዳር ሰው ጋ ሄዶ ነበር? ከሄደ ባርኔጣዬን አነሳለሁ፣ ክርክሬንም አነሳለሁ። የታዘብኩት ግን ሌላ ነው። «ሰውስ?» የምትባለው ለሰው ለመሮጥ ሳይሆን ለውሻው ላለመጎንበስ ነው። ለውሻው ሲሉት ሰውን ይጠራል፣ ለሰው ሲሉት መንግሥትን ይጠራል፣ መንግሥትን ሲሉት እግዜርን ይጠራል።

ርኅራኄ እኮ የቀበሌ ስኳር አይደለም! ለውሻው ሁለት ኪሎ ሲሰፈር ለሰው የሚጎድል፣ በኩፖን የሚታደል ነገር አይደለም። ቀትር ላይ ተጎንብሶ አስፋልቱን በእጁ ጀርባ የለካ ሰው የልጁ ጋሪ ውስጥ ያለው ሙቀትም ይታየዋል። ጠዋት ውሻውን አስቦ የተነሳ ሰው ከአገር ቤት መጥታ የልጅ ልጆቿን የምትጠብቀውን እናቱን በጠራራ ፀሐይ ወደ ሱቅ አይልካትም። የምታስተምረው አንዲት ነገር ናት፤ ሌላው የቆመበት ቦታ ላይ ሆኖ መሬቱን መንካት።

ይህን ጉዳይ ለማንሳት ያስገደደኝ ዋናው ነገር ግን ከአሪዞና ሳይሆን ከባሕረ ሰላጤው ነው። እዚያ ያለውን ሰንሰለት የያዘው እጅ የማን እንደሆነ እናውቃለን። ባለቤቱ ውሻውን የሚገዛው ለልጆቹ ነው። የሚያንሸራሽረው ግን ብዙ ጊዜ ባለቤቱ አይደለም፣ የቤት ሠራተኛዋ ናት። ፊሊፒናዊት ትሆናለች፣ ኬንያዊት ትሆናለች፣ የእኛዋ ልጅ ትሆናለች። ውሻው አጥር ውስጥ ሲቁነጠነጥ «አውጪው» ትባላለች። የምትባልበት ሰዓት የእሷ አይደለም፣ የውሻውም አይደለም። አንዳንዱ ቤት ውሻው ጫማ አለው። እሷ በነጠላ ጫማ ናት።

ይህን ያየ ጸሐፊ ሁሉ «ከእህታችን ይልቅ ውሻው ተከበረ» ብሎ ብዕሩን ያስለቅሳል። አንባቢም ያለቅሳል፣ ጋዜጣው ይሸጣል። እኔ ግን አልስማማም። ውሻው ምን አደረገ? አራት ቁራጭ ጎማ አጥልቀው 45 ዲግሪ ውስጥ የሰደዱት ውሻ ምኑ ነው የተከበረው? ልጅቷና ውሻው ተቀናቃኞች አይደሉም፣ በአንድ ገመድ ሁለት ጫፍ ላይ የታሰሩ ናቸው። ሁለቱም ሰዓቱን አልመረጡም። ሁለቱም አልችልም ማለት አይችሉም። በእሷ ቁጭት ውሻውን የሚረግም ሰው ገመዱን ያዘጋጀውን እጅ በሰላም ሸኘው ማለት ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00 ፀሐይ ላይ ማሠራትን ከከለከለች ሃያ ዓመት አልፏታል። ሳዑዲ ዓረቢያ በተመሳሳይ ወራት ከ6፡00 እስከ 9፡00 ትከለክላለች። ኩዌት ከጁን እስከ ኦገስት መጨረሻ ከጠዋቱ 5፡00 እስከ 10፡00። ኳታር ከ2021 ጀምሮ ከጠዋቱ 4፡00 እስከ ቀኑ 9፡30። መልካም ሕጎች ናቸው። ሲታሰቡ ግን በዓይነ ኅሊና የነበረው የግንባታ ሠራተኛው፣ ቆብና ሰደርያ ያደረገው፣ በቁጥር የሚታወቀው ነው። የቤት ሠራተኛ የምትተዳደረው በሌላ ሕግ ነው። ተቆጣጣሪው የሚሄደው ክሬን ወደቆመበት እንጂ ቪላ ወዳለበት ሰፈር አይደለም። ለሕጉ እሷ «ቤት ውስጥ» ናት። መኪና ስታጥብ፣ አጥር ግቢ ስትጠርግ፣ ውሻ ስታንሸራሽር ፀሐይዋ ግን «ይቺ የቤት ውስጥ ናት» ብላ አትለያትም።

የሚገርመው ደግሞ በዚያ አገር እምነት ይህን ማስረዳት ከባድ ሊሆን አይገባውም ነበር። በረሃ ላይ በጥም ምላሱን አውጥቶ አፈር የሚልስ ውሻ አይቶ ጉድጓድ የወረደው ሰው ታሪክ ለማንኛውም ሙስሊም ሕፃን ይነገራል። ያ ሰው ውሃውን የቀዳው በምን ነበር? በጫማው! ጫማውን አውልቆ በውሃ ሞልቶ ለውሻው አጠጣ፣ በዚህም ይቅርታን አገኘ። እኛም ብንሆን የአልዓዛርን ቁስል የላሱት እነማን እንደነበሩ እናውቃለን፤ ከባለጸጋው ገበታ አጠገብ የነበሩት ሰዎች አልነበሩም። ውሻን ከቤተ መቅደስም ከሳሎንም ማራቅ አንድ ነገር ነው፣ መብታችን ነው። እግሩ ሲቃጠል «ጥጋብ ነው» ማለትን ግን የትኛውም መጽሐፍ አላስተማረንም።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2013 የጣለችውን የጉዞ እገዳ በ2018 አንስታ ልጆቿን በሕጋዊ መንገድ መላክ ከጀመረች ወዲህ ከመሄዳቸው በፊት ሥልጠና ይሰጣቸዋል። በዚያ ሥልጠና ላይ ግማሽ ሰዓት ይጨመር። የአስፋልት ግለት፣ የእጅ ጀርባ ሰባት ሰከንድ፣ ጨው ያለበት ውሃ፣ ራስ ማዞር ሲጀምር ምን እንደሚደረግ። በነጠላ ጫማ አስፋልት ላይ አለመውጣት። «እመቤቴ፣ ውሻው እግሩ ይቃጠላል» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር በዓረብኛ ማስጠናት። ምክንያቱም፣ ይህን ብናገር ቅር አይበላችሁ፣ «እኔ እቃጠላለሁ» ብላ ያልተሰማች ልጅ «ውሻው ይቃጠላል» ብላ የምትሰማበት ቤት አለ። ውሻው በብዙ ገንዘብ የተገዛ ነው፣ የእንስሳት ሐኪሙም ውድ ነው። ውሻው ጥላ ካገኘ እሷም አብራው ጥላ ታገኛለች። እኛ የምንስቅበት ጫማ ለእሷ መውጫ ቀዳዳ ሊሆን ይችላል።

በሥራ ውሉ ላይም አንድ መስመር ትግባ። ኤጀንሲዎቻችን ውሉን ሲፈርሙ፣ መንግሥትም ከተቀባይ አገሮች ጋር ሲደራደር፣ ደመወዝና የዕረፍት ቀን ብቻ ሳይሆን ሰዓትም ይነገር። «በሙቀት ወራት ለውጭ ሠራተኞች በተከለከለው ሰዓት ሠራተኛዋ ከቤት ውጭ ለማናቸውም ሥራ አትላክም፣ እንስሳ ማንሸራሸርን ጨምሮ።» አዲስ ሕግ ማርቀቅ አያስፈልግም፤ ሰዓቱ በየአገሩ ተጽፏል፣ ለክሬን ኦፕሬተሩ የተጻፈው ለእሷም ይነበብ ነው የምንለው። ውሉ የሚፈረመው በጥርና በየካቲት፣ ማንም ስለ ሙቀት በማያስብበት ወቅት ሊሆን ስለሚችል አሁኑኑ ነው መግባት ያለባት።